ግልጽ ደብዳቤ፦ ቋንቋውንና ሙያውን አንድ ላይ አስተምሩን

ይድረስ ለኮሌጃችን የአዋቂዎች ትምህርት ቢሮ፣ ለኮሌጁ የቦርድ አባላት፣ እና በዚህ በአሜሪካ ማታ ማታ ደብተር ይዛችሁ ለምትሮጡ ሀበሾች በሙሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በኮሌጁ የማታ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ መምህሯን የማግዝ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ቀን ሌላ ስራ አለኝ። የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ለቢሮው በኢሜይል ልኬዋለሁ፣ በአማርኛ ደሞ የምጽፈው ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ራሳቸው አንብበው ሀሳባቸውን እንዲሰጡ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ስለነሱ የሚወሰነው ነገር ሁሌም እነሱ በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎ ነው የሚያልፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጃችን ለአዋቂ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። አንደኛው ማንበብና መጻፍ፣ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ጂኢዲ (ሃይስኩል ያልጨረሰ ሰው በሱ ምትክ የሚፈተነው) የሚባለው ክፍል ነው። ሌላኛው የሙያው ነው፣ ሲኤንኤ (ታማሚን የሚንከባከብ የነርስ ረዳት)፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል)፣ ኤሌክትሪክ፣ የህክምና ቢሊንግ ምናምን። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ደሞ የንባብ ፈተና አለ። እንግሊዝኛህ እዚህ ደረጃ ካልደረሰ ሙያው ጋ አትመዘገብም ትባላለህ፣ መጀመሪያ ቋንቋህን ጨርስ ከዛ ና ትባላለህ። ባለፈው ሴሚስተር ደሞ የሚፈለገው ደረጃ ጭራሽ ከፍ ተደርጎ ነው የመጣው። እኔ በዚህ ደብዳቤ የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ሁለቱን አብራችሁ ስጡን። ሰዉን ተራ አታስጠብቁት።

ወረቀት ላይ ሲታይ እኮ ልክ ይመስላል፣ መጀመሪያ ቋንቋ ከዛ ሙያ፣ ማን ይቃወመዋል። ችግሩ ሰዉ ጋ ሲደርስ ነው። አርባ አመት የተጠጋ ሰው፣ እዚህ የሚያሳድጋቸው ልጆች ያሉት፣ አገር ቤት ደሞ ወር በገባ ቁጥር እጁን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ያሉት፣ በሳምንት ሁለት ማታ እየመጣ ከደረጃ አንድ ወደ ሁለት ከሁለት ወደ ሶስት እያለ ስንት አመት ይቆያል? አይቆይም። ሁለተኛ ስራ ሲገኝ ይቀራል። ወይ ሺፍቱ ይቀየርና ይቀራል። ወይ ደሞ ለሶስተኛ ጊዜ ስለ ቤተሰብ አባላትና ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራውን ያንኑ ምዕራፍ ሲማር ይሰለቸውና ዝም ብሎ ይጠፋል፣ እናንተ ጋ ያለው መዝገብ ላይ "አቋረጠ" ተብሎ ይገባል፣ ለምን አቋረጠ ብሎ የሚደውልለት ግን የለም። እኔ ስልካቸው ስላለኝ እደውላለሁ፣ እና ሰነፍ አላጋጠመኝም፣ ትምህርቱ ከኑሯቸው ጋ ስላልተገናኘ ነው የተዉት።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ነርሲንግ ሆም፣ ማለት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ የምትሰራ አንዲት እህት አለች፣ ኩሽና ውስጥ ነው የምትሰራው፣ ሲኤንኤ መሆን ነው የምትፈልገው፣ በፈተናው ግን ደረጃዋ አልደረሰም ተብላለች። የዛን ቀን ትምህርቱ ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር፣ በትርፍ ጊዜህ ምን ማድረግ ትወዳለህ የሚል፣ ትርፍ ጊዜ የሚባል ነገር ከሌላቸው ሰዎች ጋ። ክፍሉ ሲያልቅ ቀረት አለችና ስልኳን አውጥታ ሲኤንኤ የሆነች ጓደኛዋ የሰጠቻትን ባዶ ፎርም ፎቶ አሳየችኝ፣ ታማሚው በቀን ምን ያህል እንደበላ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄደ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወር በአንድ ሰው እርዳታ ነው በሁለት፣ እምቢ ያለው ነገር ካለ እምቢ ማለቱ የሚጻፍበት። ይሄን አስረዳኝ አለችኝ። የጽዳት ሰራተኛው መብራት ሊያጠፋ እስኪመጣ ድረስ ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው። እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፣ ከዛ ኩሽና ስለምታውቃቸው ሽማግሌ አሰበችና ጠዋት ግማሽ ቁርስ በልተዋል፣ ሻይ አልፈለጉም፣ ብላ በራሷ እንግሊዝኛ ጻፈችው። ሰዋስዉ አልተስተካከለም፣ ግን ማንኛዋም ነርስ ብታነበው ይገባታል። በሳምንቱ ደሞ ሳልጠይቃት ያሉትን መስመሮች በሙሉ ሞልታ አመጣችው። ይቺ ሴትዮ ደረጃዋ ዝቅ ያለ ነው የተባለችው ስለ ማታውቀው ነገር ስለተጠየቀች ነው፣ ስለምታውቀው ነገር ስትጠየቅ ትጽፋለች።

ይሄን ስል መምህሯን እየወቀስኩ አይደለም፣ መምህሯ የተሰጣትን መጽሐፍ ነው የምታስተምረው፣ በሰአት የምትከፈል የትርፍ ሰአት መምህር ናት፣ ለዝግጅት የሚከፈላትም የለም። ነገሩ ያለው አወቃቀሩ ላይ ነው።

እና ይሄ የምለው ነገር አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ2014 (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የወጣው ዊዮአ የሚባለው የፌደራል ህግ ለአዋቂዎች ትምህርት ገንዘብ የሚሰጠው በሁለተኛው ርዕሱ ነው፣ እዛው ህግ ውስጥ የተቀናጀ ትምህርትና ስልጠና የሚባል ነገር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ምን ይላል፣ መሠረታዊ ትምህርቱ፣ ለስራ መዘጋጃው እና የሙያ ስልጠናው ለአንድ የሙያ መስክ ተያይዘው በአንድ ጊዜ ይሰጡ ነው የሚለው። በአንድ ጊዜ። አንዱ አልቆ ሌላው ይጀመር አይልም። ክፍል 243 የሚባለው ደሞ በተለይ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች የተመደበ ገንዘብ ነው፣ በአገራቸው ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ጭምር በስም ጠቅሶ ያካትታል። ስለዚህ ህጉ አይፈቅድልንም የሚለው መልስ ለኔ አይዋጥልኝም።

ስራ ላይ የዋለበት ቦታም አለ። ዋሽንግተን ስቴት ከ2004 ጀምሮ በኮሚኒቲ ኮሌጆቹ አይ-ቤስት የሚባል አሰራር አለው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መምህራን ይገባሉ፣ አንዱ የሙያው መምህር ነው አንዱ የቋንቋና የመሠረታዊ ትምህርት መምህር ነው፣ አብረው አቅደው አብረው ነው የሚያስተምሩት። ተማሪው ስለ ደም ግፊት እየተማረ በዛው ስለ ደም ግፊት ማንበብና መጻፍ ይማራል ማለት ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ምርምር ማእከል አጥንቶት፣ በዚህ መንገድ የሄዱት ተማሪዎች በተለመደው መንገድ ከሄዱት ይልቅ የኮሌጅ ክሬዲት የመያዝና ሰርተፍኬት የማግኘት እድላቸው ከፍ ብሎ ነው ያገኘው። ሁለት መምህር ስለሆነ ውድ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ ውድ ነው፣ ለዛም ነው ስቴቱ ለአንድ አይ-ቤስት ተማሪ ለኮሌጁ የሚመድበው ከተለመደው ተማሪ 1.75 እጥፍ አድርጎ የሆነው፣ ማለትም ወጪውን አውቀው ተቀብለውት ነው የሰሩት። የኛ ስቴት እንደዛ አይከፍልም ከተባለ አብረን ሄደን እንጠይቅ፣ ፊርማ ማሰባሰብ እኛ እንችላለን፣ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም እድሩም አለ።

ሲኤንኤን እንደ ምሳሌ የማነሳው የኛ ሰው በብዛት የሚገባበት ስለሆነ ነው። የፌደራሉ ዝቅተኛ መስፈርት 75 ሰአት ስልጠና ነው፣ ከዛ ውስጥ ቢያንስ 16 ሰአት በክትትል የሚሰራ ተግባር ነው፣ ስቴቶች ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፣ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 160 ትጠይቃለች። 75 ሰአት ማለት ጥቂት ሳምንት ነው። አሁን ባለው አሰራር አንድ ሰው ለዚህ ለጥቂት ሳምንት ስልጠና ብቁ ለመሆን አመታት ይጠብቃል፣ ይሄ እንዴት ሚዛን ይደፋል? ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የእውቀት ፈተናውን በጽሁፍ ብቻ ሳይሆን በቃል የመፈተን ምርጫ በፌደራል ደንቡ አለ። ሌላም አለ፣ ነርሲንግ ሆም ተቀጥሮ የሚሰለጥን ሰው ለስልጠናው አይከፍልም፣ በራሱ ከፍሎ የሰለጠነም ሰርተፍኬቱን በያዘ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠረ ያወጣውን የማስመለስ መብት አለው። ይሄን ነገር ከእናንተ ከአድቫይዘሮቹ ሰምቶ የመጣ አንድም ተማሪ እስካሁን አላገኘሁም፣ ኪሳቸውን አራግፈው የከፈሉ ግን አሉ።

ወደ ፈተናው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ፣ ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ ነው።

ካሳስ የሚባለው ፈተና ሰዉን በደረጃ ይመድባል፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩት ስድስት ደረጃ አለ። ፈተናው የሚለካው ያው እንግሊዝኛውን ነው፣ ሰውየው ምን እንደሆነ አይለካም። አንድ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ልንገራችሁ። አንዱ አገር ቤት ለብዙ አመት ፋርማሲስት ሆኖ የሰራ ነው፣ የመድሀኒቱን ስም በሙሉ በእንግሊዝኛ ያውቃል፣ ማውራትና ማዳመጥ ላይ ግን ይቸገራል፣ ፈተና ላይ ደሞ ሰአት አለቀበት። ከሱ ጎን ያሉት እናት ገጠር ያደጉ ናቸው፣ ልጆቻቸው ናቸው ያመጧቸው፣ በአማርኛም ማንበብ አይችሉም፣ እርሳስ አያያዙም አዲስ ነው ለሳቸው፣ ወረቀቱን በሌላኛው እጃቸው ጫን ካላደረጉት ይንሸራተትባቸዋል። ሁለቱም ዝቅተኛው ደረጃ ተብለው አንድ ክፍል ተመደቡ። እሱ በሁለተኛው ሳምንት ቀረ፣ ጊዜዬን እያጠፋሁ ነው ብሎ። እሳቸው ደሞ ክፍሉ ቀድሟቸው ስለሄደ ከሰሌዳ ላይ ቅርጽ መገልበጥ ብቻ ሆነ ስራቸው፣ ምን እንደሚገለብጡ ሳያውቁ። ለሁለቱም አልሆነም።

ለሳቸው የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ፊደል ምን እንደሆነ፣ ድምጽ ከምልክት ጋ እንዴት እንደሚገናኝ በሚያውቁት ቋንቋ ቢጀምሩ እንግሊዝኛውም ይቀላቸዋል፣ ይሄ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደሞ ይሄን ከታሪካችን እናውቀዋለን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቱን እናትና አባት ማታ በኩራዝ ፊደል አስቆጥሯል፣ በ15 ቋንቋዎች ነው የተሰጠው፣ ሰዉ አፉን በፈታበት ቋንቋ እንዲማር ስለተደረገ፣ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ሽልማት ሰጥቶበታል። በወቅቱ የነበረው መንግስት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙዎቻችን የምናዝንበት ብዙ ነገር አለ፣ ትምህርቱ ግን ትምህርት ነበር። ከዛ ዘመቻ ያመለጡ ዛሬ እዚህ አገር አያት ሆነው የተቀመጡ እናቶች አሉ። አንድ አማርኛ የሚችል፣ አንድ ትግርኛ፣ አንድ ኦሮምኛ፣ አንድ ሶማልኛ የሚችል ረዳት ቅጠሩ፣ በሳምንት ጥቂት ሰአት ይበቃል፣ በበጎ ፈቃድ የምንሰራው ሰዎች መቼም ሁሌ አንኖርም።

ለፋርማሲስቱ ደሞ ከመጀመሪያው ቀን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው፣ አገርህ ምን ትሰራ ነበር? የመመዝገቢያ ፎርማችሁ ላይ ስንት ክፍል ጨረስክ የሚል አለ፣ ምን ትሰራ ነበር የሚል የለም። ያ አንድ መስመር ቢጨመር ወደ ፋርማሲ ቴክኒሺያን ስልጠና ትልኩት ነበር፣ የትምህርት ማስረጃውን የት እንደሚያስገመግም ትነግሩት ነበር፣ እሱም እየሰራ እንግሊዝኛውን ያሻሽል ነበር። አሁን ፓርኪንግ ነው የሚሰራው። ፓርኪንግ መስራት ነውር ኖሮት አይደለም፣ እኔም ሰርቻለሁ፣ ግን ይሄ አገር ፋርማሲ ውስጥ ሰው አጥቶ እያለቀሰ እሱ ትኬት ሲቆርጥ ሳይ ያበሳጨኛል።

ስለ ሾፌሮቹም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ብዙ ወንድሞቻችን ትራክ ላይ ናቸው። ሾፌር እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው የፌደራል ደንብ ድሮም ነበር፣ ግን ከ2025 ጁን 25 ጀምሮ አፈጻጸሙ ጠብቋል፣ መንገድ ላይ ኢንስፔክተር አስቁሞ በእንግሊዝኛ ሲያናግረው መልስ መስጠት ያልቻለ፣ የመንገድ ምልክቱን መረዳት ያልቻለ ሾፌር እዛው ከመንዳት ይታገዳል። መኪናው ብድር ያለበት፣ ጭነቱ ቀጠሮ ያለበት ሰው ማለት ነው እዛው የሚቆመው። ታዲያ ኮሌጃችን የሲዲኤል ስልጠና ይሰጣል፣ እንግሊዝኛም ይሰጣል፣ ሁለቱ ህንጻ ጎን ለጎን ነው ያለው፣ ለሾፌር የሚሆን እንግሊዝኛ ግን የለም። ኢንስፔክተሩ የሚጠይቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰአት ነዳህ፣ ሎግህን አሳየኝ፣ ፍሬንህን መቼ አየኸው። ኤሌክትሮኒክ ምልክት ላይ የሚመጡት ጽሁፎችም ብዙ አይደሉም። ይሄ በአንድ ሴሚስተር፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሊሰጥ የሚችል ነገር ነው፣ ሾፌሮቹ በሳምንቱ ውስጥ ስለማይገኙ በስልክ የሚከታተሉት ቢጨመርበት ደሞ ከምንም በላይ ነው። የአንድ ሰው ቤት እንጀራ ነው እዚህ ላይ ያለው።

ጂኢዲን በተመለከተ ትንሽ ልበል። ጂኢዲ አራት ፈተና ነው፣ ሂሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ከእያንዳንዱ 145 ማምጣት ነው የሚጠበቀው፣ አንዱን አልፎ ሌላውን በሌላ ጊዜ መፈተን ይቻላል። ጂኢዲ ሳይኖርህ የፌደራል የትምህርት ክፍያ እርዳታ አታገኝም ተብሎ ብዙ ሰው ተመልሷል፣ ይሄ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ሃይስኩል ያልጨረሰ ሰው ህጉ በሚያውቀው የሙያ ጎዳና ፕሮግራም ውስጥ ከተመዘገበና የተፈቀደውን ፈተና ካለፈ ወይ 6 ክሬዲት በአጥጋቢ ውጤት ከጨረሰ ለፔል ግራንት፣ ማለት ለማይመለሰው የፌደራል የትምህርት ገንዘብ፣ ብቁ ሊሆን ይችላል። ይሄ መብት በ2012 ተነስቶ ነበር፣ በ2014 መጨረሻ ነው በዚህ መልክ የተመለሰው። ግን ልብ በሉ፣ የሚሰራው ኮሌጁ እንዲህ አይነት ፕሮግራም ካዘጋጀ ብቻ ነው፣ የሙያ ትምህርቱና መሠረታዊ ትምህርቱ አብረው የሚሄዱበት ፕሮግራም ማለት ነው። እና ተመልሰን እዛው መጣን፣ ሁለቱን ስላለያያችሁት ነው ሰዉ ሊያገኝ የሚችለው ገንዘብ የቀረበት። ግሪን ካርድ ያለው፣ አሳይለም ያገኘ፣ በስደተኝነት የመጣ ሰው ሌላውን መስፈርት ካሟላ ፋፍሳ (የዚህን እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ይችላል፣ ይሄንንም በአማርኛ የጻፈ ወረቀት ቢሯችሁ ውስጥ የለም።

ለስራ መዘጋጃ ተብሎ የሚሰጠው ዎርክሾፕ አለ፣ ሬዙሜ አጻጻፍና ኢንተርቪው። ጥሩ ነው፣ ግን ሬዙሜው የሚሰጠው በናሙና ነው፣ ሁሉም ሰው "ታታሪና በቡድን መስራት የሚችል" ብሎ ገልብጦ ይወጣል። የኛ ሰው ዋናው ችግር ሌላ ነው። እኛ ስናድግ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ታላቅ ሰው ፊት አይን ለአይን ማየት ድፍረት ነው፣ ጎበዝ ነህ ሲሉህ ኧረ ምንም አላውቅም ትላለህ። ኢንተርቪው ላይ ይሄው ሰው ምንም አላውቅም ሲል የሚሰማው አሜሪካዊ የእውነት ምንም እንደማያውቅ ያምነዋል። ይሄን በናሙና ወረቀት አታስተካክሉትም፣ ተቀምጦ በተደጋጋሚ መለማመድ ነው የሚያስፈልገው፣ የሰራኸውን ነገር እንደሆነው መናገር ጉራ እንዳልሆነ ከራሱ አገር ሰው መስማት አለበት። ከዚያ ባልተናነሰ ደሞ ኦንላይን ማመልከቻው ነው የሚጥለን፣ አካውንት ክፈት፣ ፓስወርድ ፍጠር፣ ኮድ በኢሜይል ልከናል፣ ኢሜይሉን ልጁ ነው የከፈተለት፣ ልጁ ስራ ላይ ነው፣ ገጹ ሰአቱ አልቋል ብሎ ይዘጋል። ስራውን መስራት የሚችል ሰው ማመልከቻው ላይ ይወድቃል። ኮምፒውተር ላብ አላችሁ፣ ማታ ግን ቁልፍ ነው።

ሰአቱና የአቴንዳንሱ ነገር። ሁለት ጊዜ የቀረ ከክፍል ይሰረዛል የሚለው ደንባችሁ ሺፍቱ በየሳምንቱ የሚቀያየር ሰው ላይ ቅጣት ነው። ለምን እንደምታደርጉት ይገባኛል፣ የፌደራሉ ገንዘብ የሚለካው ተማሪው ለውጥ አሳይቷል ወይ በሚል ነው፣ ለውጡ የሚታየው ደሞ ሁለተኛውን ፈተና ሲፈተን ነው፣ ለዛ ቢያንስ ወደ 40 ሰአት መማር አለበት፣ ሳይፈተን የጠፋ ተማሪ እናንተ ላይ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ግን ሰውን መሰረዝ መፍትሄ አይደለም። ሰኞና ረቡዕ ማታ የተሰጠው ያው ትምህርት ቅዳሜ ጠዋት ቢደገም፣ የቀረው ሰው ያንን ገብቶ ሰአቱን ይሞላል። ልጅ የሚጠብቅ ቢኖር ደሞ የእናቶቹ ግማሽ አይቀሩም፣ ኮሌጁ የሕጻናት አጠባበቅ ተማሪዎች አሉት፣ ልምምድ የሚሰሩበት ቦታ ይፈልጋሉ፣ በክትትል እዚሁ ቢሰሩ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ገንዘብ እንደሌለ አውቃለሁ። በ2025 ጁላይ 1 ሊለቀቅ የነበረው የፌደራል የአዋቂዎች ትምህርት ገንዘብ ተይዞ ወሩ መጨረሻ አካባቢ እስኪለቀቅ ድረስ ስንት ፕሮግራም እንደተጨነቀ አውቃለሁ፣ የናንተም ሰዎች ደሞዝ በዛ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አላልኩም። በሚመጣው ሴሚስተር አንድ ክፍል ብቻ ጀምሩ፣ የሲኤንኤውን ከእንግሊዝኛው ጋ አጣምራችሁ፣ ሁለት መምህር አስገብታችሁ፣ ደረጃ ሁለትና ሶስት ያሉትን ተቀበሉ። የመመዝገቢያው ፎርም ላይ "ከዚህ በፊት ምን ይሰሩ ነበር" የሚለውን መስመር ጨምሩ፣ ለሱ ገንዘብ አያስፈልግም። ስለ ፔል ግራንትና ስለ ሲኤንኤው ክፍያ መመለስ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፣ አማርኛውን እኔ በነጻ እተረጉማለሁ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚተረጉሙም ተነጋግረን ተስማምተዋል። የሾፌሮቹን እንግሊዝኛ ደሞ ከክረምቱ በፊት ብታስቡበት።

ይሄ የስደተኛ ብቻ ጉዳይም አይደለም፣ በ2023ቱ የአለም አቀፍ የአዋቂዎች ችሎታ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ካሉት አዋቂዎች 28 በመቶው በንባብ ዝቅተኛው ደረጃ ወይ ከዛ በታች ነው የተገኙት፣ በ2017 19 በመቶ ነበር። እዚሁ ተወልደው ያደጉም ብዙ አሉ ማለት ነው፣ አንዳንዶቹ የኛው ክፍል አጠገብ ጂኢዲ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ እነሱም ያንኑ ተራ ነው የሚጠብቁት።

አሁን ደሞ ለኛ ለሀበሾች። የቦርዱ ስብሰባ ለህዝብ ክፍት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ማንም ሰው ስሙን አስመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል፣ አስተርጓሚ ቀድሞ መጠየቅም ይቻላል። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ፣ እንደውም የሚፈለገው እንግሊዝኛው ያልበቃው ሰው ነው እዛ ቆሞ እንዲናገር። ትምህርቱን ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ፣ ለምን እንዳቋረጣችሁ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ስጡኝ፣ በአማርኛም ይሁን በፈለጋችሁት፣ በድምጽ ቀርጻችሁ ብትልኩም እኔ እጽፈዋለሁ፣ ስማችሁ አይወጣም። ትራክ የምትነዱ ወንድሞች፣ የትኛው ቀንና ሰአት እንደሚመቻችሁ ንገሩኝ፣ ቢሮው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። እርጅና ተጭኖኛል አሁን ምን እማራለሁ የምትሉ እናቶችና አባቶች ደሞ ልጆቻችሁ አምጥተው ያስመዝግቧችሁ፣ የፊደሉ ክፍል እንዲከፈት ከተፈለገ ስም ያስፈልጋል፣ ስም ከሌለ ተማሪ የለም ነው የሚሉት።

ቢሮው ለደብዳቤዬ መልስ ከሰጠኝ እንደመጣ ተርጉሜ አሳውቃችኋለሁ። ካልሰጠኝ ደሞ በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ፣ የሰበሰብኳቸውን ጽሁፎች ይዤ እገባለሁ።

በአክብሮት፣
ከማታው እንግሊዝኛ ክፍል በጎ ፈቃደኛ ረዳት